ምርኩዙ የሚመታበት ቦታ

ባለቤቴ ጌታቸው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጋዜጣ ተነበበ። የምነግራችሁ የዚያን ከሰዓት በኋላ ነገር ነው። የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ጥቂት ጽፌ እነሣና በመስኮት ወደ ጎፋ በኩል ያለውን ባሕር ዛፍ አያለሁ። ተመልሼ ስቀመጥ የት እንደ ደረስኩ ይጠፋኛል። ነገሩ እዚህም እዚያም ቢረግጥባችሁ ታገሡኝ።

ያኔ ነፋስ ስልክ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓረፍተ ነገር ስመታ ውዬ እገባለሁ። የምመታው እውነት ይሁን ውሸት አስቤው አላውቅም፤ የእኔ ሥራ ፊደል አለመሳት ነበር። ጌታቸው አስተማሪ ነበር። ዓይኑን የወሰደው በሽታ ቀስ ያለ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሌዳው ደበዘዘበት፣ ቀጥሎ የተማሪዎቹ ፊት፣ በመጨረሻ የእኔ። ልጅ አልነበረንም። ሥራውን ትቶ ቤት ሲቀመጥ ከዓለም ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ እኔ ጮክ ብዬ የማነብለት ጋዜጣ።

መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ጋዜጣ እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። ሁሉም ይጽፋል፣ ሁሉም ይከራከራል። ጎረቤታችን ዱባለ ከአስፋልቱ ገዝቶ ያመጣልናል፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ ማንበብ እጀምራለሁ። ጌታቸው ምርኩዙን በሁለት ጉልበቱ መካከል አቁሞ፣ አገጩን በእጁ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ስለ ዳቦ ዋጋ የተጻፈ አስተያየት እያነበብኩ ሳለ ምርኩዙን በሲሚንቶው ላይ ቷ አደረገው። ደነገጥኩ።

«ምነው? አይጥ ነው?» አልኩት።

«አይጥስ ምን አለው። ሰውየው አፍንጫ ውስጥ ገባ።»

«የምን አፍንጫ?»

«የተጠየቀው ዳቦ ለምን ተወደደ ተብሎ ነው። እሱ የመለሰው ጠያቂው ማን እንደ ሆነ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ድሮ ምን ይሠራ እንደ ነበር ነው። ዳቦውን ትቶ የሰውየውን አፍንጫ ያዘ። እንደገና አንብቢው እስቲ።»

እንደገና አነበብኩት። እውነቱን ነበር። እኔ ግን በመጀመሪያው ንባብ ጠያቂውን ጠልቼው ጨርሻለሁ፤ ዳቦውን ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ስም አወጣን። ጸሐፊው ሌላው ሰው ያላለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ሲመታው፣ ጌታቸው «ባዶ ጋቢ» ይላል፤ ባለቤቱ ሾልኮ ሄዷል፣ ሰውየው የተተወውን ጋቢ ይደበድባል ማለቱ ነው። «ሕዝቡ ሁሉ ተስማምቷል፣ አንተ ብቻ ቀረህ» ሲባል «አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ እንደ ወያላ ይጮኻል። ያ ባዶ ታክሲ አፍ ላይ ቆሞ አንድ ሰው የቀረው የሚለውን ወያላ ታውቁታላችሁ። ከሁለት አንዱን ምረጥ የሚል ክርክር ስሙ «ጎፋ ወይ ሳሪስ» ነበር፤ በመካከል ሰው የሚወርድበት ሰፈር የሌለ ይመስል። አንዱ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለ መጣ ብቻ ያመጣው እሱ ነው ሲባል ደግሞ «ዶሮ ጮኸ፣ ነጋ» ይላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ምርኩዙ በጣም የሚጮኸው እኛ ራሳችን የምንወደው ሐሳብ ሲጻፍ ነበር። «እሰይ! ልክ ልኩን ነገረው!» ብዬ ስደሰት ያኔ ነው ቷ የሚያደርገው። «ጆሮ የሚደነቁረው ደስ ሲለው ነው አስካለ» ይለኛል። አንዳንዴ እበሽቃለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ እንዳነብ ብትተወኝስ?» እለዋለሁ። ይስቃል። ሲስቅ ዓይኑ የሚያይ ይመስል ነበር።

የሞተው በክረምት ነው። ከጥቂት ቀን በፊት ሳል ጀምሮት ነበር፤ በንባቤ መሐል ሳሉና ምርኩዙ ይፈራረቃሉ። አንድ ቀን ግን «ዛሬ ጋዜጣውን ራሴ ነው የምገዛው፤ የአዟሪዎቹን ጩኸት ልስማ» ብሎ ዱባለን ክንዱን ያዘና ወጣ። አስፋልቱ ላይ ሳሉ ዝናብ ወረደባቸው። ሲመለሱ ጋዜጣው በካፖርቱ ውስጥ ተጣብቆ ነበር። እንዲደርቅ ከመደርደሪያው ላይ ዘረጋሁት። ያን ጋዜጣ አላነበብኩለትም። ትኩሳቱ ተነሣ፤ የሳንባ ምች ነው አሉን፤ ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልመለስ።

እድራችን ድንኳኑን ከግቢው በር እስከ ክፍላችን ደጃፍ ድረስ ጥሎት ነበር። ወንዶቹ በአግዳሚ ወንበር ላይ፣ እኛ ሴቶቹ ከክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ላይ። እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ደጃፉ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ በሩ ክፍት ስለ ሆነ ወንዶቹም ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ። የድንኳኑ ሸራ አረንጓዴ ነበር። ፀሐይ ብልጭ ስትል ሁላችንም ውኃ ውስጥ የተቀመጥን እንመስላለን። ከተቀበረ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ እንባም አልመጣልኝም። የሰው ድምፅ ከሩቅ፣ ከላይ እንደሚወርድ ይሰማኛል። ነፋስ ሸራውን ይነፋውና መልሶ ይለቀዋል፤ ቤቱ በሙሉ የሚተነፍስ ይመስለኛል። አንዳንዴ ጌታቸው ከወንዶቹ መካከል ያለ እየመሰለኝ በዓይኔ እፈልገዋለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠችው የዱባለ ሚስት ጽጌ ነበረች። እጄን ይዛኛለች። ዱባለ ራሱ ለእቃ ማጠቢያ የሚሆን ውኃ በበርሜል ሊያመጣ ወጥቷል፤ የሰፈሩ ቧንቧ ጠፍቶ ስለ ነበር ራቅ ብሎ ሄዷል።

ጋዜጣውን ያገኘው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም እሸቱ ነው። ቢሮ የሚሠራ፣ አንደበቱ የተባ፣ ወንድሙን ከልቡ የሚወድ ሰው ነበር። ከመደርደሪያው ላይ አነሣው። ዝናብ ነክቶት የደረቀ ወረቀት ስለ ሆነ ሲከፍተው ተንኮሻኮሸ።

«ወንድሜ የገዛው የመጨረሻው ጋዜጣ ይኸውና» አለ። «ያላስነበበው። እኔ ላንብብለት።»

ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን አስቀመጡ። እኔም ደስ አለኝ። ድምፁ የጌታቸውን ይመስል ነበር።

ያነበበው አስተያየት ስለ ቀድሞው መንግሥት ሰዎች ነበር። ቃል በቃል ባላስታውስም አካሄዱ በጆሮዬ ውስጥ አለ። ያ ሥርዓት ያለ ትንንሾቹ አገልጋዮች አንድ ቀን አያድርም ነበር፤ ስለዚህ ከላይ ያዘዘውም ከታች በቀበሌ የሠራውም እኩል ናቸው። ወይ ከተበደለው ጋር ነህ፣ ወይ ከበደለው። ዛሬ አንዱን ካለፍከው ነገ ሁሉም ተመልሰው ጫንቃህ ላይ ይወጣሉ። ይህን ሕዝቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚክድ ካለ እሱ ራሱ አንዱ ነው።

«አበጀ!» አለ አንድ ሰው።

«ወርቅ የሆነ ጽሑፍ!» አለ ሌላው።

እኔ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ጆሮዬ ይጠብቃል። ጎፋ ወይ ሳሪስ ሲመጣ ይጠብቃል። አንድ ሰው የቀረው ሲመጣ ይጠብቃል። ዝም። ጌታቸው መሞቱ የገባኝ ያኔ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሬሳውን አይቼ፣ አፈሩ ሲመለስ አይቼ ያልገባኝ፣ ምርኩዙ ዝም ሲል ገባኝ።

«ታዲያ እኛስ?» አለ እሸቱ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። «እኛ በእድራችን ውስጥ ማን እንዳለ ረሳን? ዱባለ የት ነበር የሚሠራው?»

ጽጌ እጄን አጥብቃ ያዘችው።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ባንጃው ሳቅ አሉ። «ዱባለማ የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ስኳር ሲመዝን ነበር። ኧረ አንዴ አጉድሎብኛል፤ እሱን አልክድም!»

ሰው ሳቀ። አንድ ሰው ግን አልሳቀም፤ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሞላ። በዚያ ክፉ ዘመን ልጃቸው ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም ነበር።

«ልጄ የተወሰደው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዱባለ ቀበሌው ሱቅ በገባ በሳምንቱ ነው።»

ሳቁ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቁልቁለት እንደ ያዘ ድንጋይ ሆነ። አንዱ «እውነት ነው፣ እንዴት ሳናስበው ቀረን» አለ። ሌላው «ይሰረዝ፤ እንዲህ ያለ ሰው እድራችንን አያረክስ» አለ። የዱባለ እናት እማማ በለጡ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተው ነበር፤ ሞታቸው ዛሬ ነገ የሚባል። ከእድር የተሰረዘ ሰው እናቱ ሲሞቱ ድንኳን የሚጥልለት፣ ሬሳ የሚሸከምለት የለም። ያን ሁሉም ያውቃል። ጽጌም ታውቃለች። «እማማ...» ብቻ አለች በለሆሳስ።

«ቆይ ቆይ፣ እሑድ በስብሰባ ይታያል» አሉ ጋሽ ባንጃው።

«ሁላችንም እዚሁ አለን፤ እሑድን ምን አስጠበቀን?» አለ እሸቱ። ፊቱ ቀልቷል። «ደግሞ የድሮው ብቻ መሰላችሁ? ወንድሜን የገደለውስ ማን ነው? ዓይነ ስውር ሰው በዝናብ ይዞ የዞረው ማን ነው? ደህና ሰው ይዞ ወጣ፣ በሽተኛ ይዞ ገባ! እትዬ አስካለ ትጠየቅ። እሷ ትናገር!»

ሁሉም ወደ ደጃፉ ዞረ። ባሏን የቀበረች ሴት በወንዶች ሸንጎ አትናገርም፤ ተጠይቃ ከተናገረች ግን ቃሏ ይጸናል። «በዝናብ ባይወስደው ኖሮ» ብል በቃ፣ ጉዳዩ አለቀ።

ልንገራችሁ፤ ልለውም ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። ከሆስፒታል እስከ መቃብር በውስጤ ሲመላለስ የነበረው ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው። ዝናቡ፣ ዱባለ፣ ዝናቡ፣ ዱባለ። አንድ ሰው ላይ ሲያርፍ ሐዘን ይቀላል። ጣፋጭ ነበር።

ያኔ ሰማሁት። ቷ።

ከኋላዬ ይሁን ከድንኳኑ ጥግ፣ ከየት እንደ መጣ አላውቅም። ግን ምርኩዝ ሲሚንቶ ሲነካ የሚያሰማው ያው ድምፅ ነበር። አረንጓዴው ብርሃን ደመቀ፣ ሸራው ተነፋ፣ ጊዜው የቆመ መሰለኝ። ዶሮ ጮኸ፣ ነጋ። ሳሉ ከዝናቡ በፊት ነበር። በንባቤ መሐል ሲስል እኔው ሰምቼዋለሁ፤ ማር በሎሚ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። «ራሴ ነው የምገዛው» ያለውም እሱ ነው።

ተነሣሁ። ምርኩዙ ከበሩ ጀርባ እንደ ተደገፈ ነበር፤ ይዤው ወጣሁ። ለምን እንደ ያዝኩት አላውቅም።

«እሸቱ» አልኩት፣ «ወንድምህ ከዝናቡ በፊት ታሞ ነበር። ዱባለን ይዞ የወጣው እሱ ነው እንጂ ዱባለ እሱን አይደለም።»

«አንቺ አዝነሽ ነው፤ ምን እንደምትይ አታውቂም» አለኝ።

«አዝኛለሁ። ማዘኔ ሳሉን ከዝናቡ በኋላ አያደርገውም።»

«ለወንድሜ ገዳይ ትከራከሪያለሽ?»

ምርኩዙን መሬት ላይ መታሁት። እጄ ነው የመታው፤ እኔ አላዘዝኩትም። ወንዶቹ ደነገጡ። ጌታቸውን የሚያውቁት፣ ያንን ድምፅ ከአጥር ማዶ ለዓመታት የሰሙት፣ አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ ስለ ሳል ነገርኩህ፤ አንተ ስለ እኔ ትናገራለህ» አልኩ። «ወንድምህ ይህን አፍንጫ መያዝ ይለው ነበር። ያነበብከውስ? ስኳር የመዘነና ሰው ያስገደለ እኩል ናቸው ያለው ለምንድን ነው? ምክንያቱን ሰማችሁ? እኔ አልሰማሁም። የሚክድ አንዱ ነው ብሎ በሩን ዘጋ እንጂ።»

ጋሽ ባንጃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጆቼ... እትዬ አስካለ እንደ ጠበቃ ሆናለች» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ከባዱ ግን እሸቱ አልነበረም። ከባዱ ጋሽ ሞላ ነበሩ። አጠገባቸው ሄጄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ምርኩዙን አስቀመጥኩት። በእሳቸው ፊት መምታት አይገባም፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ግን ገባኝ።

«ጋሽ ሞላ» አልኳቸው፣ «ዱባለ ስለ ልጅዎ ለሰዎቹ ሲናገር ያየ ወይም የሰማ ሰው አለ?»

ነፋሱ ሸራውን ነፋው፤ ለቀቀው።

«የለም» አሉ። «ማንም የለም።» ጣታቸውን ያያሉ፤ በመርፌ የተበሳሱ ጣቶች ነበሩ። «ልጄን የወሰዱት በጨለማ ነበር። ፊታቸውን አላየሁም። ስንት ዓመት ሙሉ የምጠላው ፊት አጣሁ። ዱባለን ግን ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ፊት ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ያኔ እንባዬ መጣ። ለጌታቸው ይሁን ለልጃቸው፣ ወይም ፊት ለሌለው ነገር ሁሉ፣ አልለየሁትም። እሳቸውም አለቀሱ። ራሴን በጋቢያቸው ሸፈኑልኝ። ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ።

በዚያ መሐል ዱባለ ገባ። እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። «ውኃው ደርሷል» አለ፣ ከዚያ ሁላችንንም አየና፣ «ምነው፣ ሌላ ሰው ሞተ እንዴ?» ብሎ በድንጋጤ ቆመ።

ጋሽ ሞላ ነበሩ የመለሱለት። «ማንም አልሞተም። ና ተቀመጥ፤ ደክሞሃል» አሉትና ወንበራቸው ላይ ቦታ ለቀቁለት።

ነገሩ እሑድም ሆነ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። እማማ በለጡ ያረፉት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ያው አረንጓዴ ድንኳን ተጣለላቸው፤ ቃሬዛውን ከፊት ከያዙት አንዱ ጋሽ ሞላ ነበሩ። እሸቱ ግን ይቅር አላለኝም። እስከ ዛሬ ለዓመት በዓል ብቻ ብቅ ይላል፤ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ወንድሙ ሳይናገር ይሄዳል። የዚያን ቀን ዋጋው ይህ ነበር። ድምፁ የጌታቸውን ይመስላል ብያችኋለሁ፤ አሁን የምሰማው በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የሰው ዓረፍተ ነገር ዝም ብዬ መምታት አቃተኝ። በመሥሪያ ቤት አለቃዬ የሰጠኝን ጽሑፍ እመታና አንዱ መስመር ላይ ጣቴ ይቆማል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ጽጌና ሌሎች ሴቶች ጋዜጣ ይዘው ይመጡ ጀመር፤ አነብላቸዋለሁ፤ ምርኩዙ ጉልበቴ ላይ ነው። ጽጌ ከእኔ ቀድማ «ጎፋ ወይ ሳሪስ!» ብላ ትጮኻለች። እናንተም ሞክሩት። የምትጠሉትን ሰው ጽሑፍ ሳይሆን የምትወዱትን አንሡ፤ «እሰይ» ያላችሁበት ቦታ ላይ ቁሙ።

ይሁን እንጂ ምርኩዙ የማይችለውን ላለመሸሸግ ልናገር። ዱባለ በእነዚያ ዓመታት ያደረገውን ሁሉ አውቃለሁ አልልም። ክርክሩ ጠማማ ነበር ማለት ሰውየው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ንጹሕ ነው ብል ምርኩዙን መጀመሪያ የሚመታው ጌታቸው ነው። እኔ የማውቀው በዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ ብቻ ነው። የማያውቅ ሰው ደግሞ የሰውን እናት ያለ ቀባሪ ማስቀረት የለበትም።

ከላይ ምርኩዙ ሲመታ ሰማሁ ብዬ ጽፌአለሁ። ነፋስ ነበር፤ ምናልባት የድንኳኑ ምሰሶ ተንኳኩቶ ይሆናል፤ ምርኩዙ ከበሩ ጀርባ ነበር ብዬ ራሴው ነግሬአችኋለሁ። ሙት ተናገረ ብዬ ክርክሬን ባጸና ጌታቸው ይስቅብኛል። ስለዚህ እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት፤ ሰማሁ አለች ብቻ በሉ።

አሁንም በክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ «ያን ቀን ባይዘንብ ኖሮ» ብዬ እጀምራለሁ። እጄ ወደ ምርኩዙ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ግን አልመታውም። ዓረፍተ ነገሩ እስከ መጨረሻው እንዲሄድ እተወዋለሁ፤ ባይዘንብ ኖሮ ጌታቸው እዚያ ወንበር ላይ ነበር፣ አገጩን በእጁ ላይ አድርጎ፣ እስካነብለት እየጠበቀ።